የመርከቧ ታችኛው ግማሽ

ለአንዲት የላስቲክ መርከብ ብዬ ሰው አሳስሬአለሁ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ ቀልድ ይመስለዋል። ምነው ቀልድ በሆነ! ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርሁት ግን ለማንም አይገባውም፤ ሥሩ ደግሞ የወንድሜ ወገብ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ነጭ ልብሱን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ያየ ሰው፣ ከመርከብ አናት ላይ ቆሞ ሩቅ ሲያይ የኖረ ይመስለዋል። ውሸት ነው። ሥራው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከውሃው በታች፣ ሞተሩ ዘንድ ነበር። "ከላይ ያሉት ባሕሩን ያዩታል፤ እኔ እሰማዋለሁ" ይል ነበር። አንድ ቀን ምጽዋ ላይ ዘይት ከፈሰሰበት የብረት መሰላል ተንሸራቶ ወደቀና ወገቡ ተጎዳ። ስንት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ሲያበቃ፣ በከዘራ እየተደገፈ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣ ይዞ ጎንደር እኔ ቤት ገባ።

እኔ ያኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ልጅ የሌለኝ፣ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ከአውቶ ፓርኮ በላይ ሁለት ክፍል ቤት ነበረችኝ፤ መስኮት ያላትን ለእሱ ለቀቅሁለት። እሱ ግን ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ዓመት ሙሉ! "አያ፣ ተነሥና ፀሐይ ሙቅ እንጂ" ስለው "ሞቄ ምን ልሆን?" ይለኛል። ሁለት ጉርሻ ይጎርስና "በቃኝ" ይላል። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ "ወገቡ ይሻለዋል፤ እጁ ሥራ ካልያዘ ግን ይህን ሰው አታተርፊውም" አለኝ። ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ሁሉ፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ያደረግሁት ያንን ቃል ይዤ ነው።

ከቢሮ የወረቀት ካርቶን፣ ከሆስፒታል የመድኃኒት ሳጥን፣ ከጎረቤት ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ እየለቃቀምሁ አልጋው ጫፍ ላይ ማኖር ጀመርሁ። አልለመንሁትም፤ ዝም ብዬ አኖራለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በምላጭ ካርቶን ይቆርጣል።

"ምን ልትሠራ ነው?" አልሁት።

"መርከብ ነዋ! ምን ልሥራ፣ መሶብ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ሲቆጣኝ እንዴት ደስ አለኝ! ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ሕንዳዊ የፊዚክስ መምህር ይኖሩ ነበር። የላምባ ምድጃቸው አልነድ ሲላቸው ይዘው ወንድሜ ዘንድ መጡ። እሱ ምድጃውን ሲፈታ እሳቸው መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን የካርቶን መርከቦች አዩ። አንዱን አነሡ፣ አገላብጠው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። የመምህሩ ወንድም በንግድ መርከብ እየተቀጠረ ጃፓን ድረስ የሚመላለስ ሰው ኖሯል። እዚያ የታወቁ መርከቦች ትንንሽ ሆነው፣ በብዙ ቁርጥራጭ ላስቲክ እየተሠሩ፣ በሳጥን ይሸጣሉ አሉን፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጣጥማቸዋል። ወንድሜ ምድጃውን አስቀመጠና "እስቲ ይድገሙልኝ" አለ። ከሁለት ወር በኋላ መምህሩ አንዲት ቀጭን ካታሎግ ይዘውለት መጡ።

ያቺን ካታሎግ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ገጽ በገጽ አያታለሁ። ጽሕፈቷ የጃፓን ነው፤ ከቁጥሩ በቀር አንዲት ነገር አናነብም። መሐል ገጿ ላይ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ነበሩ። የዚያ የትልቁ ጦርነት ጊዜ መርከቦች ናቸው፤ አናታቸው ተደልድሎ ሜዳ ሆኗል፣ በላዩ ሽንብራ የማያክሉ አውሮፕላኖች ተደርድረውበታል። ተሠርተው የወጡት በቀለም ተሥለዋል። ወደፊት የሚወጡት ግን ጥቁር ጥላቸው ብቻ ነው የተሣለው፤ መልካቸው ገና ነው። ወንድሜ ስማቸውን ማንበብ ሳያስፈልገው በጥላቸው ለያቸው። ለካ ሥልጠና ላይ ሳለ መርከብን ከሩቅ በጥላው መለየት ተምሮ ኖሯል። ጣቱን እያስኬደ "ይችኛዋ ሰጥማለች። ይችም ሰጥማለች። ይች ስትሰጥም ከሞተር ክፍል አንድም ሰው አልወጣም" አለኝ።

"ታዲያ አያ፣ የሰጠመች ምን ታደርግልሃለች?"

"ላነሣት ነዋ!" አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለት መረጠ፤ አንዲቷ በቀለም ያለችውን፣ አንዲቷ ገና ጥላ የሆነችውን። መምህሩ ለወንድማቸው ጻፉ። "ምድጃዬን ያዳነልኝ ሰው ነው፣ ስጦታዬ ይሁኑ" አሉ። መጠበቅ የጀመርነው ያን ዕለት ነው።

ወንድሜ አጠባበቁን ያውቅበት ነበር። ከብስክሌት ሽቦ ወረንጦ ሠራ። ከፍየል ጠጉር ብሩሽ አሰረ። ከኔ ቢሮ በመጣ ወረቀት ጀርባ ላይ መርከቧን ከነሆዷ ሣላት፤ እውነት ለመናገር ከሁሉ አብዝቶ የሣለው ሆዷን ነው። የትኛው ሞተር የት እንዳለ፣ ዘይት ቀጂው የት እንደሚቆም፣ መሰላሉ በየት እንደሚወርድ። ላስቲኳ ስትመጣ ከጎኗ በኩል ትንሽ መስኮት ሊከፍትላት፣ ያ የሞተር ክፍል እንዲታይ ሊያደርግ አስቧል። "ሰው መርከብ ሲሠራ ላዩን ያሳምራል። እኔ ከታች ነው የምጀምረው" አለኝ። ሁለት ጉርሻ የነበረው ምሳው እንጀራ ሙሉ ሆነ። እኔም ሐኪሙን መንገድ ላይ ሳገኘው ቀና ብዬ ሰላም ማለት ጀመርሁ።

ከባሕር ማዶ የመጣ ጥቅል የሚሰጥበት ቢሮ ጣሊያን በሠራው አንድ ቢጫ ቤት ውስጥ ነበር። ከመስኮቱ ኋላ የሚቀመጡት ሰው ከጎንደር የቆዩ ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች የተወለዱ ናቸው፤ ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው የመንግሥት ሥራ የያዙ፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ ግራጫ ካፖርት የማይለያቸው። አርብ አርብ ከሰዓት፣ እሳቸው ከጁምዓ ሲመለሱ እኔ ደጃፉ ላይ እጠብቃለሁ።

"ጋሼ፣ መጣ?"

"ገና ነው እህቴ። ባሕር ሩቅ ነው።"

መቼም ሰው ናቸው፣ አንድ ቀን "ግን ምንድን ነው እንዲህ ያስናፈቃችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው አርብ ካታሎጓን በነጠላዬ ሸፍኜ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አውሮፕላን እዚህች ላይ ያርፋል ነው የምትይኝ? አዘዞ ያን የሚያህል ሜዳ ተሰጥቶት ሲያርፍ እንኳ ልቤ ትመታለች!" አሉ። ባሕር አይተው አያውቁም፤ እኔም አላየሁም። ሁለታችን ቆመን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ "መርከባችን የት ደርሳ ይሆን?" ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ "በሞቴ፣ ስትመጣ እነዚያን ትንንሾቹን አውሮፕላኖች አሳዪኝ" አሉኝ። "ምን ገዶኝ! ከእርስዎ በፊት ማንም አያያቸውም" አልሁ።

ሰኔ ላይ የመምህሩ ኮንትራት አለቀና ወደ አገራቸው ሄዱ። አቅፈውን፣ "መንገድ ላይ ናት" ብለውን ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዕቃ የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም።

መስከረም ጠብቶ፣ መስቀል አልፎ፣ አንድ ሐሙስ ከቢሮ ወጥቼ ሳልፍ ሰውዬው ከመስኮቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ጠሩኝ። ሳጥኗ ጠረጴዛቸው ላይ ናት! ክዳኗ ላይ መርከቧ ማዕበል ሰንጥቃ ስትሄድ ተሥላለች። ግን ተከፍታ እንደገና በሲባጎ ታስራለች። ደንቡ ጥቅል ባለቤቱ ባለበት ይከፈታል ነው የሚለው።

"አትቆጪኝ እህቴ፣ ቀድሜ ከፍቼ አስፈትሼላችኋለሁ" አሉኝ። "ፈታሾቹ ሥዕሉን አይተው 'የጦር መርከብ ነው፣ ይቆይ' ብለው ነበር። ስንት ወር እንደሚያስቀምጡባችሁ አውቃለሁ። መጫወቻ ነው ብዬ በፊርማዬ አወጣኋት።"

"ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ውለታዎን ይክፈልልኝ!"

"አውሮፕላኖቹስ?" አሉ ፈገግ ብለው።

ችኮላዬ! ወንድሜ ዘንድ ለመድረስ እግሬ አልቆም አለኝ። "ተሠርታ ስታልቅ አመጣልዎታለሁ" ብያቸው ሮጥሁ። ያን ጊዜ ሳጥኑን ከፍቼ አሳይቻቸው ቢሆን አብረን እናየው ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ወንድሜ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው ሳጥኗን የከፈተው። ላስቲኩ ግራጫ ነው፤ ቁርጥራጮቹ በየዘንጋቸው ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ እያወጣ አንሶላ ላይ ደረደራቸው። ከላይ ያለው ሜዳ፣ አለ። ማማው፣ አለ። መድፎቹ፣ አሉ። አውሮፕላኖቹ፣ አሉ። ግራና ቀኝ ጎኗ፣ አለ፤ ግን ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ሳጥኑን ገለበጠ። ወረቀቱን አራገፈ። ከግርጌው አንድ ስስ ጠፍጣፋ ላስቲክና አንድ ቁራጭ ብረት ወደቀ፤ እንደ ማስመሪያ ረዘም ያለ፣ ተራ ብረት።

"ሆዷስ?" አለ።

እንደገና ፈለግን። አልጋው ሥር ሳይቀር ፈለግን። አብሯት የመጣውን ወረቀት ብናይ የጃፓን ጽሕፈት ነው። ወንድሜ ብረቱን በእጁ መዘነ፤ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። "ገባኝ" አለ። "ታችኛውን ግማሽ ወስደው፣ ጥቅሉ ሲመዘን እንዳይጎድል ይህን ከተቱበት።"

እኔም ወዲያው ገባኝ። ቅዳሜ ገበያ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ማር ስትገዢ ከእንስራው ግርጌ ድንጋይ ታገኛለሽ፣ ቅቤውን ስትከፍቺ መሐሉ ሌላ ነገር ነው። ክብደት ለመሙላት የሚገባ ነገር ምን እንደሚመስል ማን ይነግረኛል? ሳጥኑን ቀድመው የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እኛ በሌለንበት። በገዛ አፋቸው ነገሩኝ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ ወንድሜ።

በማግስቱ ወንድሜ በከዘራው ተደግፎ፣ ላቡ እየወረደ፣ ከቤታችን እስከዚያ ቢሮ በእግሩ ሄደ። በመጣ በሁለት ዓመቱ ያን ያህል ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ሲያዩት ደስ አላቸውና ከወንበራቸው ተነሡ። ወንድሜ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"የመርከቧ ሆድ የት ገባ?"

"የምን ሆድ?"

"አንተ! ከውሃ በታች ያለው ግማሿ የት ገባ ነው የምልህ!"

አንተ አላቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው፣ ወረፋ የቆመው ሁሉ እየሰማ። ሰውዬው ብረቱን አነሡት፣ አዩት፣ ወደ እኔ ዞሩ። "እህቴ፣ እኔ የመርከብ ሆድ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። ወንድሜን ክንዱን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ ከዘራውን ጣለ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰው እንዴት ያብዳል ብትሉኝ ያኔ አበድሁ። የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሰኞ ሰዎች ለምሳ ሲወጡ ቢሮዬ ቀርቼ ወረቀት የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አስገባሁ።

የዚያን ጊዜ ወረቀት እንዴት እንደሚሄድ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይሞታል። አቤቱታ እግር የሚያወጣው ከግርጌው "ግልባጭ" የሚል ሲኖር ነው፤ አንዱ ኃላፊ ሌላው እንዳየው ሲያውቅ ይፈራል፣ ፈርቶ ይፈርማል፣ ፈርሞ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሦስት ካርቦን ደረብሁ። ዋናው ለቢሮው ኃላፊ፤ ግልባጩ ለቀበሌው፣ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው፣ ለቁጥጥር ኮሚቴው። ቃሉንም አሳመርሁት፤ በሥራ ላይ ለተጎዳ የሠራዊት አባል የተላከ የጦር መርከብ ሞዴል፣ ከደንብ ውጪ በመክፈት፣ ግማሹን በመዝረፍ፣ በምትኩ ብረት በመክተት፣ ፀረ-ሕዝብ አሻጥር ተፈጽሟል አልሁ። "አሻጥር" የሚለውን ቃል ያለ እኔ ያስገባው የለም። ለወንድሜ አነበብሁለት። ከግድግዳው ሳይዞር "ሸጋ ነው" አለ። ሁለታችንም ፈረምን።

በአሥር ቀን ውስጥ ሰውዬው ከመስኮቱ ጠፉ። ለምርመራ ቀበሌ ገብተዋል ተባለ። ደስ አለኝ። እግዜር እያየኝ ልዋሽ? ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንድሜ ተቀምጦ አገኘሁት። ላዩን ብቻም ቢሆን ልግጠመው ብሎ ተነሥቶ ኖሯል። ሁለቱን ጎኖቿን አያይዟል። አላየኝም፤ ብረቱን በወረንጦ ይዞ ወደ መርከቧ ውስጥ ያወርዳል። ከውስጥ በኩል በግራም በቀኝም ትንንሽ መያዣ ጥርሶች አሉ። ብረቱ በጥርሶቹ መሐል ቁጭ አለ። አልጠበበ፣ አልሰፋ። ቀጥሎ ያን ስሱን ላስቲክ ከሥሩ ገጠመው፤ እሱም ልክ ነው። መርከቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አልተንገዳገደችም፤ ጠረጴዛው ውሃ ሆነ፣ እሷም ውሃ ላይ ያለች ሆነች። ሳጥኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አንድ ናት፤ እዚያስ ሥዕል ላይ ከውሃ በታች ያለው መች ይታያል? ካታሎጓን አወጣን። አንዳቸውም፣ ጥቁር ጥላዎቹ ሳይቀሩ፣ ሆድ የላቸውም። ዓመት ሙሉ አይተናቸው አላየንም።

"እታለም" አለኝ። "ዕቃው ሙሉ ነው። ሲሠሩት እንዲህ ነው የሠሩት። ብረቱ እንዳትገለበጥ ነው።"

ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ኃላፊ ዘንድ ነበርሁ። ነገሩን ከጥግ እስከ ጥግ ነገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋናውን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥቶ ፊት ለፊቴ ቀደደው። "የእኔን ቀደድሁልሽ፤ ሦስቱን ማን ይቅደድልሽ?" አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አፍማ ምናለ፣ ማስተባበል አለ፣ ሰምቼ ነው ማለት አለ። ፈርሜ በሦስት ያባዛሁትን ማን ይመልሰዋል?

ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ጽሑፌን አወጣና "እንዲህ አድርገሽ ጽፈሽ ሲያበቃ ዛሬ ተሳስቻለሁ? ጉቦ አቀመሱሽ እንዴ፣ ጓድ?" አለኝ። ከዚያም ሰውዬው ከእነሱ እጅ ወጥተው ወደ ከፍተኛው ተልከዋል አለ። ከፍተኛው ዘንድ ሄድሁ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ወስዷቸዋል አሉኝ። ግልባጬ በሄደበት መንገድ እሳቸውም ሄደዋል።

ቁጥጥር ኮሚቴው ዘንድ የተቀበለኝ ካኪ የለበሰ ሰው ነበር። ጽሑፌ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በቀይ ተሰምሮበታል። የተሰመረበት "መዝረፍ" የሚለው አይደለም። "የጦር መርከብ" የሚለው ነው።

"ሌብነቱን ተይው" አለኝ። "እሱ ቀላል ነው። ይህን የጠላት የጦር መርከብ ምስል ፈታሾች አቁመውት ሳለ በፊርማው ያሳለፈው እሱ ነው። እኛ የምንፈልገው ለምን እንዳሳለፈው ነው። ለመሆኑ ማን ነው ያዘዘው? ወንድምሽ ነው?"

የወንድሜ ወገብ ታየኝ፤ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ታየኝ። አንድ ሌሊት አያድርም።

"አይደለም፤ ሳናዝ የመጣ ስጦታ ነው" አልሁ። "እንዴት እንዳለፈም እኛ አናውቅም።"

"አላወቃችሁም?"

"አላወቅንም።"

በፊርማዬ አወጣኋት ያሉኝ ለእኔ ነው። የታሰሩበትን ወረቀት ላስቀድድ ሄጄ፣ በዚያው አፌ ካድኋቸው። "እንግዲያስ ሂጂ" አለኝ። ሄድሁ።

ከእኛ ሌላ ያቺን ካታሎግ ያዩ፣ ዓመት ሙሉም አብረውን የጠበቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። "ሲያዝዙም ሲጠብቁም አውቃለሁ" ቢሉ ወንድሜም እኔም በዚያው ሳምንት እንገባ ነበር። ጠበቅን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ወንድሜ ከዘራውን ይይዛል፣ እኔ ነጠላዬን። ማንም አልመጣም። አልተናገሩም ማለት ነው።

ከወር በኋላ ድፍረት አግኝቼ ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ቆሙ። ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ብቻ አዩኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ወደ ኋላ አሉ። "እኔ ምን ላድርግሽ?" አሉኝ። "ትናንት ስንቅ ወስጄ 'እዚህ የለም' ብለው መለሱልኝ። የት ነው ብላቸው መልስ የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ካለሽ እሱን ጠይቂልኝ።" የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም። ሰሃኑ እንደተቋጠረ ከኋላቸው መደብ ላይ ነበር።

ኅዳር ላይ ከዚያ ቢሮ መልእክት መጣልኝ። አሁን መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው አንዲት ወጣት ሴት ናት። "መደርደሪያው ጥግ ላይ የቆየ ጥቅል አለሽ፤ ሳጸዳ አገኘሁት" አለችኝ። ሁለተኛዋ መርከብ ናት፤ ያቺ ጥላ የነበረችው። መለያ ወረቀቷ ላይ የተመዘገበው ቀን ወንድሜ ብረቱን ከወረወረ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የላኪው ክር እንዳለ ነው፤ የተነካ ነገር የለም። ከክሩ ሥር የታጠፈች ወረቀት ገብታለች። ጽሕፈታቸውን አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ማዶ ሲጽፉ አይቻለሁ። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

"እህቴ፣ ሁለተኛዋ መርከባችን ደርሳለች። ይችን አልከፈትኋትም። ስትከፍቷት እኔም ቆሜ ልይ፤ የጎደለ ቢኖር አብረን እናየዋለን። አውሮፕላኖቹንም እስካሁን አላሳየሽኝም።"

ወንድሜ ወረቀቷን አነበበ፤ ምላጩን ይዞ ነበር፣ አስቀመጠው። "እሳቸው ሳይኖሩ አትከፈትም" አለ። እሳቸው አለ፤ አሁን። የመጀመሪያዋንም አልጨረሳትም፤ አውሮፕላኖቿን ቀለም ቀብቶ ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ አኖራቸው፣ ሰውዬው ሲመጡ በእጃቸው እንዲይዟቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም። ወደ በሩ አዞረው፤ ዓመት ከዓመት ወደ በሩ ያይ ነበር።

እኔም አርብ አርብ፣ ሰው ከጁምዓ በሚመለስበት ሰዓት፣ በዚያ ቢጫ ቤት ደጃፍ ማለፌን አልተውሁም። መንግሥት ሲለወጥ፣ እስር ቤት ሲከፈት፣ ስንቱ ሞቷል የተባለ ሰው ቤቱ ገባ። እኔም ሄጄ ቆምሁ። ከሚወጡት መሐል ግራጫ ካፖርት ፈለግሁ፤ እንደ ሞኝ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ካፖርቱ የሚኖር ይመስል።

ወንድሜ ከሞተ ቆየ። ሳጥኗ ቁም ሣጥኔ ላይ ናት፤ የክብሪት ቤቷ አጠገቧ። የእህቴ ልጆች ሲመጡ "እስቲ እንክፈታት፣ ዛሬ እኮ ብርቅ ናት፣ ምነው?" እያሉ ይነዘንዙኛል። እንዴት አድርጌ? ቆሜ ልይ ብለውኛል እኮ።